የዓሣ ዘይት ካፕሱል የልብ መድኃኒት ነውን?

እዚህ አሶሳ መድኃኒት ቤት ከሚመጡት መካከል ዘመድ ከውጭ የላከላቸውን የዓሣ ዘይት ካፕሱል ይዘው «የደም ግፊቱን ኪኒን ትቼ ይህን ልውሰድ?» የሚሉ አሉ። በፍጹም! ግፊት ዝም ብሎ ይጎዳል፤ ኪኒኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም።

በዓሣ ዘይት ያለው ኦሜጋ 3 ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ስብ ይቀንሳል፤ ዝናውም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው፣ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበት ቫይታል የተባለ የአሜሪካ ጥናት በየቀኑ 1 ግራም መውሰድ ድንገተኛ የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና በእነዚህ ሳቢያ የሚመጣ ሞትን በጥቅሉ ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሐኪም ለአንዳንድ ሕሙማን በከፍተኛ መጠን የሚያዘው የተጣራው ዓይነት ሌላ ነው፤ እርሱም የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሳይጠይቅ አይጀምር።

ዓሣው ሐላል ነው ብለን ሽፋኑን አንርሳ። ጀላቲኑ ከዓሣ፣ ከከብት ወይም ከአሳማ ሊሠራ ስለሚችል ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን እናንብብ።

ካፕሱል ለመግዛት ላሰበ ሰው ግን ገንዘቡን ለዓሣ ቢያውለው እመርጣለሁ። በኦሜጋ 3 የበለጸጉት የባሕር ዓሦች ቢሆኑም የዓባይ ዓሣም፣ በዘይት ካልተዘፈቀ፣ ከሰባ ሥጋ ይሻላል። ለኢፍጣር የምንበጠብጠው ተልባም የራሱ ኦሜጋ 3 አለው፤ ስኳሩን ብቻ ቀነስ እናድርግ።