ምድጃው ቢለያይም፦ የህንድ ቤተሰብ ትውውቅ

የህንድ ቤተሰብ ሲነሳ በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው በአማርኛ ተተርጉመው ከምናያቸው ተከታታይ ድራማዎች የተቀዳ ሥዕል ነው፦ ሰፊ ግቢ፣ የሚከበሩ አያት፣ ከነሚስቶቻቸው የሚኖሩ ሦስት ወንድማማቾች፣ የምታዝ አማትና የምትታዘዝ ምራት። ከሥዕሉ ጋር አብሮ የሚነገር ቁጭትም አለ፤ ድሮ ህንዳዊ ሁሉ እንዲህ ይኖር ነበር፣ ከተማና ዘመናዊነት መጥተው በተኑት ይባላል። ይህን ጋዜጠኛው ይጽፈዋል፣ መምህሩ ያስተምረዋል፣ ህንዳውያን ራሳቸውም ይደጋግሙታል። ነገር ግን ድሮ ሁሉም እንዲህ ይኖር ነበር የሚለውም፣ ዛሬ ተበተነ የሚለውም ማስረጃ ፊት አይቆምም። ስህተቱ የሚመነጨው ቤተሰብን ከቤት ጋር ከማምታታት ነው። በህንድ ቤተሰብ ማለት የንብረት፣ የግዴታና የሥርዓት ትስስር ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ከመገለጫዎቹ አንዱ ብቻ ነው፣ ያውም የማይዘልቀው።

ከቁጥሩ እንጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዞች በ1911 ባካሄዱት ቆጠራ በአንድ ቤት ይኖር የነበረው ሰው በአማካይ 5 ገደማ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011ም አማካዩ ያው 5 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሃያ ሰው የሚያድርበት ግቢ የአገሩ ሁሉ አኗኗር ቢሆን ኖሮ የ1911ዱ ቁጥር እንዲህ ሊያንስ አይችልም ነበር። ምክንያቱ ከባድ ምሥጢር የለውም። በዚያን ጊዜ የአንድ ህንዳዊ አማካይ ዕድሜ ከ25 ዓመት በታች ነበር። አማካዩን ያወረደው በዋናነት የሕፃናት ሞት ቢሆንም አዋቂውም ቢሆን በወረርሽኝና በረሃብ ያልቅ ነበር፤ ብዙ አባት የልጁን ሠርግ፣ ብዙ አያት የልጅ ልጁን ሳያይ ይሞታል። ሦስት ትውልድ አብሮ እንዲኖር መጀመሪያ ሦስቱም ትውልድ በሕይወት መገኘት አለበት። በዚያ ላይ ሰፊው ግቢ መሬት ይፈልጋል፤ መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ልጆቹን ከነሚስቶቻቸው አንድ ላይ የሚያኖርበት ምክንያትም አቅምም አልነበረውም። በድራማ የምናየው ቤት ባለርስቱና ነጋዴው የኖሩበት፣ ሌላው የተመኘው ቤት ነው።

እዚህ ላይ ትክክለኛ ተቃውሞ ይነሳል፤ አማካይ ቁጥር የቤተሰብን አወቃቀር አያሳይም። አምስት ሰው ማለት ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ሊሆን ይችላል፤ አንዲት መበለት ካገባ ልጇ፣ ከምራቷና ከሁለት የልጅ ልጆች ጋርም ሊሆን ይችላል። እውነት ነው፤ ይህ ተቃውሞ ግን የሚጎዳው የብተናውን ተረት ነው። ዛሬ ልጅ የሚወለደው በቁጥር አነስተኛ ነው፣ ሽማግሌው ደግሞ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ አማካይ ዕድሜ 70 ገደማ ደርሷል። በ2019–21 የተካሄደው ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት የቤት አማካዩን 4.4 ሆኖ አግኝቶታል፤ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ደግሞ 2 ልጅ ብቻ ሆኗል። ቁጥሩን ካወረዱት ነገሮች ዋናው የሕፃናቱ ማነስ ነው፤ አያቶቹ ተባረሩ ብሎ መደምደም አይቻልም። የማኅበራዊ ጥናት ሊቁ ኤ. ኤም. ሻህ ሕይወታቸውን ሙሉ የተከራከሩት ይህንኑ ነው፤ በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ ከ1951 ወዲህ የጥምር ቤተሰብ፣ ማለትም ያገቡ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ቤተሰብ፣ ዕድል እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አልሄደም አሉ። ሊዘነጋ የማይገባው ሌላው ነገር ዑደቱ ነው። ወንድ ልጅ አግብቶ ሚስቱን አባቱ ቤት ያመጣል፣ ጥቂት ዓመት አብረው ይኖራሉ፣ አባት ሲሞት ወንድማማቾች ይካፈላሉ፣ እያንዳንዱ ጎጆ ይወጣል፣ የእሱም ልጆች በተራቸው ያገባሉ። ቆጣሪው በአንድ ቀን ቢመጣ የሚያገኘው በብዛት ትንንሽ ቤት ነው፤ ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ግን በዕድሜያቸው አንድ ወቅት ላይ በጥምር ቤት አልፈዋል ወይም ያልፋሉ።

የህንድ ቆጠራ ራሱ ቤተሰብን የሚለየው በማዕድ ቤት ነው፤ በተለምዶ አብረው የሚኖሩና ከአንድ ማዕድ ቤት የሚበሉ ሰዎች እንደ አንድ ቤተሰብ ይመዘገባሉ። ስለዚህ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ግቢ እየኖሩ ሚስቶቻቸው ምድጃ ከለዩ በመዝገብ ሁለት ቤተሰብ ናቸው። መሬቱ ግን ገና አልተከፈለ ይሆናል፤ የአባት ሙት መታሰቢያ በጋራ ይወጣል፣ የእህት ልጅ ሠርግ ወጪ በጋራ ይሸፈናል፣ የአንዱ ልጅ ሲታመም ሆስፒታል የሚያድረው ሌላው ነው። አይ. ፒ. ዴሳይ በጉጃራቷ ማሁቫ ከተማ ባጠኑትና በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ አጥብቀው የያዙት ነጥብ ይኸው ነበር፦ ማን ከማን ጋር ያድራል የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ ማን ለማን ግዴታ አለበት የሚለው መጠየቅ አለበት። አንድ የቢሃር ገበሬ ልጅ ሙምባይ ውስጥ ከአገሩ ልጆች ጋር ጠባብ ክፍል ተጋርቶ ቢኖር፣ ደመወዙ ግን የወንድሙን የትምህርት ቤት ክፍያና የአባቱን የማዳበሪያ ዕዳ ቢከፍል፣ ይህን ሰው ከቤተሰቡ የተለየ ነዋሪ ብሎ የሚመዘግበው ቆጣሪ ሕጉን ቢያከብርም እውነቱን ስቶታል።

ትስስሩ ከቤት በላይ መሆኑን ከማንም በተሻለ የሚያውቀው የህንድ ገቢ ሰብሳቢ ነው። በአገሩ የገቢ ግብር ሕግ ‹‹ሰው›› ከሚባሉት አንዱ ያልተከፋፈለ የሂንዱ ቤተሰብ ነው፤ እንደ ግለሰብና እንደ ኩባንያ የራሱ የግብር ከፋይ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ይኖረዋል፣ ገቢውንም ለብቻው ያስታውቃል። አባላቱ በሦስት ከተማ ተበትነው ቢኖሩ ለሕጉ ልዩነት የለውም። ከጀርባው የዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ክርክር አለ። በዛሬዋ ካርናታካ በቻሉክያ ነገሥታት ዘመን የኖረው ቪግናኔሽዋራ ‹‹ሚታክሻራ›› በተባለው ሐተታው፣ ወንድ ልጅ በአባቱ የዘር ንብረት ላይ ድርሻ የሚያገኘው ገና ሲወለድ ነው ብሎ ጻፈ፤ በቤንጋል የጂሙታቫሃና ‹‹ዳያባጋ›› ደግሞ አባት በሕይወት እያለ ልጅ ምንም የለውም አለ። አብዛኛው ህንድ የመጀመሪያውን ተከተለ። ውጤቱ ትልቅ ነው፤ አባት የዘር መሬትን እንደ ግሉ ሊሸጠው አይችልም፣ ምክንያቱም ጡት የሚጠባው ልጁ ባለድርሻ ነው። የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ኃላፊ ነው፣ ብቸኛ ባለቤት ግን አይደለም። በኬረላ ግዛት ናያር በሚባሉት ሰዎች ዘንድ ደግሞ ንብረቱ በእናት መስመር ይወርድ ነበር፣ የሚያስተዳድረውም የእናት ወንድም ነበር፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1975 ባወጣው አዋጅ ጥምር ቤተሰብን በሕግ አስቀረ።

የሚታክሻራ ባለድርሻዎች ለዘመናት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ከባዱ ተቃውሞም ከዚህ ይነሳል። ይህ ተቋም ሴትን ይጨቁናል፣ ጋብቻን በትውልድ ማኅበረሰብ አጥር ውስጥ ያስራል የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። ሴት ልጅ በአገር አቀፍ ደረጃ በልደት ባለድርሻ የሆነችው በ2005 ማሻሻያ ነው፤ አባቷ ከዚያ በፊት ቢሞትም መብቷ እንደማይቀር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ2020 ነው። ሕጉ ከወጣም በኋላ በራጃስታን ‹‹ሃክ ትያግ›› የሚሉት ልማድ አለ፤ እህት ድርሻዋን ለወንድሞቿ በፊርማ ትለቃለች። ብዙዎቹ የሚፈርሙት ሕጉን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ባሏ ቢሞት ወይም ቢያባርራት የምትመለስበት ደጅ የወንድሟ ደጅ ነው፤ ያ ደጅ እንዳይዘጋ መሬቷን ትከፍላለች። ከዘመድ ውጭ ያለው ዋስትናም ቀጭን ነው፤ ለድሃ አረጋውያን የማዕከላዊው መንግሥት የጡረታ ድርሻ ከ60 እስከ 79 ዓመት ላለ ሰው በወር 200 ሩፒ ነው። ክልሎች ይጨምሩበታል፣ ሆኖም ዋናው ሸክም ወደ ልጆች ተመልሷል፤ በ2007 የወጣው ሕግ ወላጁን የማይጦር ልጅ በፍርድ ተገዶ ተቆራጭ እንዲከፍል ያደርጋል። እንዲህ ባለ አገር ዘመድ መድን ነው፣ መድን የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ እኩል አይከፋፈልም።

ከቤተሰቡ ሰፋ ብሎ የሚመጣው ጃቲ፣ ማለትም በውስጡ የሚጋባው የትውልድ ማኅበረሰብ፣ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። የማርዋሪ ነጋዴዎች ከራጃስታን ወደ ካልካታ ሲፈልሱ ሚስቶቻቸውን አገር ቤት ትተው ‹‹ባሳ›› በሚባሉ የጋራ መኖሪያዎች ያድሩና ይበሉ ነበር፤ አዲስ መጪው ሥራና ብድር የሚያገኘው በዚያ ትውውቅ ነበር። የማኅበረሰብ ንግድ የሂንዱዎች ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በሐረርና በአዲስ አበባ ስሙ የገነነው የመሐመድ አሊ ኩባንያ የጉጃራት ቦህራ ሙስሊሞች ድርጅት ነበር። ዋጋው ግን እዚህም አለ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ካይቫን ሙንሺና ማርክ ሮዘንዝዋይግ በ2016 ባሳተሙት ጥናት አንድ እንቆቅልሽ አነሱ፤ በከተማ የሚከፈለው ደመወዝ ከገጠሩ እጅግ እየበለጠ የህንድ ገጠር ወንዶች ለምን በብዛት ጠቅልለው አይፈልሱም? መልሳቸው ጃቲው የሚሰጠው መድን ነው። ሰብል ሲጠፋ ወይም በሽታ ሲመጣ ብድርና እርዳታ የሚገኘው ከዚያ ነው፤ ወንዱ ርቆ ሲሄድ ደግሞ ማኅበረሰቡ ሊቆጣጠረውም ሊያምነውም ስለሚቸገር ቤተሰቡ ከመረቡ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የተሻለ ደመወዝ እያለ መቅረት የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ገበሬው ሁለቱን መዝኖ፣ ባንክም ሆነ መንግሥት የማይሰጠውን መድን ላለማጣት የመረጠው ምርጫ ነው።