ቃኘው ፑሳን ከወረደ በኋላ

የአርሲዋ ሁሩታ ሰው ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ መጀመሪያ ወደ አዳማ ይወርዳል። አዳማን ያቋርጥ የነበረው የቀድሞው ምድር ባቡር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ያልተለመደ ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ ወርዶ ነበር፦ ለኮሪያ ጦርነት ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ከ1,000 በላይ ወታደሮች። ሻለቃው በራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ቃኘው ተብሏል። ሚያዝያ 8 ቀን ከጅቡቲ የተሳፈሩት ዘማቾች በወሩ መጨረሻ ኮሪያ፣ ፑሳን ወደብ ደረሱ።

ስለ ቃኘው ሲወራ ጨዋታው ቶሎ ወደ ውጊያው ይሮጣል። እኔ ግን አንባቢን ትንሽ ላቆየው። ሻለቃው ከመርከብ ወርዶ በቀጥታ ግንባር አልገባም፤ ለሳምንታት እዚያው ኮሪያ ውስጥ ሠለጠነ። አገር ቤት ወራት የፈጀ ዝግጅት ላደረገ ጦር ይህ ለምን አስፈለገ?

አንዱ ምክንያት መሣሪያ ነው። የአሜሪካ ጦር ጋራንድ ጠመንጃ 8 ጥይት ይጎርሳል፤ ተኳሹም በየጥይቱ ማቀባበል አያስፈልገውም። ጥይቱ ቶሎ ያልቃልና ቆጥቦ መተኮስም ትምህርት ነው። ከሁሉ የከበደው ግን ከሌላ አገር ጦር ጋር መቀናጀቱ ይመስለኛል። አንድ ሻለቃ የራሱ ከባድ መድፍ፣ የራሱ ሆስፒታል፣ የራሱ የስንቅ መሥመር የለውም። ስለዚህ ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ገባ። ትእዛዙ ከላይ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ጉድጓድ ውስጥ ላለው ወታደር በአማርኛ ይደርሳል። በዚያ መሐል አንድ የኮረብታ ቁጥር ቢሳሳት የወዳጅ መድፍ በወዳጅ ላይ ይወርዳል። የጦሩ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬና የሻለቃው መሪ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ከማጥቃቱ በፊት ማስተካከል የነበረባቸው ይህን ነበር።

ተራራው ለደገኛ ብርቅ አልነበረም፤ ብርዱ ግን ሌላ ነው። የአርሲ ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰብሉን የሚያቃጥለውን ውርጭ ያውቀዋል፤ ያ ውርጭ ፀሐይ ሲወጣ ይረግፋል። የኮሪያ ክረምት ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አልፎ ይወርዳል፣ ወንዙም ቀኑን ሙሉ በረዶ ሆኖ ይውላል። እርጥብ ካልሲ ሳይቀይር ያደረ ወታደር ጣቱን ሊያጣ ይችላል፤ ወፍራም የጠመንጃ ዘይትም ረግቶ መሣሪያውን ያስራል። የመጀመሪያው ሻለቃ በጸደይ መድረሱ በጀው፤ ቅዝቃዜው ከመምጣቱ በፊት ወራት አገኘ።

ምግቡም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ጦር ሥር ከ16 አገሮች የመጡትን ተዋጊዎች ከአንድ መጋዘን መቀለብ ለአሜሪካኖቹ ራስ ምታት ነበር፤ ቱርኮቹ አሳማ አይነኩም፣ የእኛም ክርስቲያንና ሙስሊም እንዲሁ።

የዝግጅቱ ፍሬ በተለይ በሌሊት ቅኝት ታየ። አሜሪካዊው የጦር ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ኮሪያው የፖርክ ቾፕ ኮረብታ ውጊያ በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያኑን ቅኝት በአድናቆት አንስቶታል። ዋጋውም ከባድ ነበር፤ በተለምዶ የሚጠቀሰው 121 የሞቱና 536 የቆሰሉ ሲሆን፣ የተማረከ አንድም የለም።

የአዘማመቱ አሠራር ግን አንድ ድክመት ነበረው። ሻለቃዎቹ በዓመት ገደማ ይቀያየሩ ስለነበር፣ መሬቱን በደንብ የለመደው ወደ አገሩ ሲመለስ ተተኪው ትምህርቱን እንደገና ይጀምራል። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ስምምነቱ ሲፈረም ኮሪያ የነበረው ሦስተኛው ቃኘው ነበር፤ አራተኛው የደረሰው ጦርነቱ ከቆመ በኋላ ነው።