ደባርቅ፤ መንገደኛ የሚያልፋት ከተማ

ከጎንደር በማለዳ የተነሣ አውቶቡስ የወገራን ደጋ ሲያያዘው ተሳፋሪው ጋቢውን ወደ ጆሮው ይስባል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ይጀምራል፤ ዳባት ሲደርስ ይጠናል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ሲገባ አጥንት ይነካል። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በስሜን ተራሮች ደጃፍ ተቀምጣለችና ይህ አያስደንቅም።

ብዙ ሰው ደባርቅን ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን በማለፍ ነው። ወደ ራስ ዳሽን የሚወጣው አገር ጎብኚ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ጠባቂና በቅሎ ይይዛል፤ ይሄዳል። ወደ ሽሬና ወደ አክሱም የሚወርደው ሾፌር ሻዩን ጠጥቶ፥ ፍሬኑን መርምሮ ይነሣል። እኛ ግን ዛሬ አንባቢያችንን ጥቂት እናቆየዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሊማሊሞን ማየት ይገባል። ደጋው እዚያ ላይ በድንገት ያልቃል፤ መንገዱም ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ይህን የመኪና መንገድ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ የነበረው ኢጣልያ ነው የጠረበው። ይሁን እንጂ በሩ ከመንገዱ እጅግ ይቀድማል። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው ነጋዴ ጭነቱን በአህያና በበቅሎ አድርጎ ይህን አቀበት ይወጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው በዚሁ ወጥቶ ነው።

ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ፥ ከተራሮቹ ማዶ በጃናሞራ፥ ደረስጌ ማርያም አለች። ደጃዝማች ውቤ ይነግሡባት ዘንድ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት ይባላል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ ውቤን በጦርነት ድል ነሡና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡ። አንዱ ባዘጋጀው ድግስ ሌላው ተቀመጠ።

ንጉሡ በደረስጌ ዘውድ ቢደፉም ወዳጃቸውን ያጡት በደባርቅ ነው። ጆን ቤል የተባለው እንግሊዛዊ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፥ የአገሩን ልማድ ይዞ፥ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ ይኖር ነበር። ሊቀ መኳስ ማለት በጦርነት ጊዜ ጠላት እንዲሳሳት እንደ ንጉሡ የሚለብስ ባለሥልጣን ነው። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውዴን በዐማፂው ጋረድ ሰዎች እጅ ቆስሎ ሞተ። በ1853 ዓ.ም. ንጉሡ ጋረድን ሲገጥሙ ቤል ጌታውን ሲከላከል በደባርቅ አካባቢ ወደቀ፤ ጋረድም በዚያው ውጊያ ሞተ። የንጉሡ ኀዘን ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ከተማረኩትም ብዙዎች ተገደሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ንጉሡን ለእንግሊዞች፥ እንግሊዞችንም ለንጉሡ ማስረዳት የሚችሉት ሁለቱ ሰዎች ከመካከል ጠፉ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ መልስ ባጣ ጊዜ ነገሩን የሚያበርድ ወዳጅ በአጠገባቸው አልነበረም። መጨረሻው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሆነ።

በእስፓኝ አገር፥ በማዮርካ ደሴት፥ ቫልዴሞሳ የምትባል በኮረብታ ላይ የተሠራች ትንሽ ከተማ አለች። ፖላንዳዊው የሙዚቃ ሊቅ ሾፐን በ1831 ዓ.ም. ታሞ ሳለ የብርዱን ወራት በዚያ በአንድ ገዳም ውስጥ አሳለፈ። የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ሰዉ ግን እስከ ዛሬ ክፍሉን ሊያይ ይጎርፋል። ከተማ የሚጎበኘው በድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ታሪኩን በሚነግርለት ሰው ጭምር ነው።

ደባርቅም የሚነገር አላጣችም፤ አዲስ ኀዘንም ተጨምሮባታል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በዳባት አጠገብ በምትገኘው ጭና ብዙ ሰላማዊ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ተገደሉ፤ ተፈናቃዩም ወደ ደባርቅ ተሰደደ። ያንን ያዩ ዓይኖች ዛሬ በሕይወት አሉ። የቤልን መውደቅ ያዩት ግን ሁሉም አልፈዋል፤ ብዙው ነገር የቀረልን የውጭ ሰዎች በጻፉት ነው።

ስለዚህ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ወጣት፥ ወይም በዚያ ወረዳ የተመደብህ ጸሐፊ፥ በዕረፍትህ ቀን ደብተርህን ይዘህ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ጎራ በል። አንተም ከሩቅ የምትመጣ መንገደኛ፥ አስቀድመህ የመንገዱን ሰላም ጠይቅ፤ ደኅና ከሆነም ሻይህን ጠጥተህ ወዲያው አትነሣ። ዋልያውና ጭላዳው በተራራው ላይ ይቆዩሃል፤ ሽማግሌው ግን ላይቆይህ ይችላል።