ውሉ ለንደን፣ ፊርማው አዲስ አበባ

አንድ የውጭ ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ ፋብሪካ ሊተክል ሲነሣ፣ መጀመሪያ የሚደውለው ለንደን ወይም ፓሪስ ላለው የሕግ አማካሪው ነው። የብድር ውሉም የአክሲዮን ስምምነቱም ብዙውን ጊዜ እዚያው ይረቀቃል። የአዲስ አበባው ጠበቃ የሚጠራው ወደ መጨረሻው ነው፤ ውሉ በኢትዮጵያ ሕግ የጸና መሆኑን የሚገልጽ የሕግ አስተያየት ጽፎ እንዲፈርም።

ዓለም አቀፍ የሕግ ድርጅቶች በስማቸው እዚህ ቢሮ ይክፈቱ ወይስ አይክፈቱ የሚለው ክርክር ዓመታት ያስቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጋችን አይፈቅድም። ድርጅቶቹ ያገኙት መንገድ ከአገር በቀል ቢሮዎች ጋር መጣመር ነው፤ ለምሳሌ በዲኤልኤ ፓይፐር አፍሪካ ጥምረት ውስጥ አንድ የአዲስ አበባ ቢሮ በአባልነት ይሠራል።

የጥብቅና ሙያችን ለዚህ ፉክክር ሳይዘጋጅ ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 199 ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ለግለሰብ ነው። “እከሌና ባልደረቦቹ” የሚል ታፔላ የሰቀለ ቢሮ በሕግ ፊት ድርጅት አልነበረም፤ ባለፈቃዱ ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ ለዓመታት ያካበተው ልምድና ደንበኛ አብሮት ይበተን ነበር። ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር ተደራጅተው እንዲሠሩ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249 የወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው።

በዚያው ዓመት በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ አገኘ፤ የ1952ቱን የንግድ ሕግ የሚተካ አዲስ ሕግም ወጣ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። ገበያው ከሙያው ቀድሞ ሄዷል።

ይሁንና የሥራው ልብ ያለው እዚሁ ነው። ከውጭ የተላከ የውክልና ሥልጣን በዚያ አገር ኖታሪ ፊት ተፈርሞ፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አልፎ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀርባል፤ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይደርሳል። በውክልናው ላይ “ለመሸጥ” የሚል ቃል ከጎደለ ወይም የኩባንያው ስም በአንድ ፊደል ከተለየ፣ ሰነዱ ውድቅ ሆኖ ጉዞው እንደገና ይጀመራል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው መስኮቱ ላይ ተሰልፎ የሠራ ጠበቃ ነው። ክርክር ቢነሣም የፌዴራል ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

ህንድ የውጭ የሕግ ድርጅቶች ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለውን ጥያቄ ለመቋጨት ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቶባታል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሦስት የውጭ ድርጅቶች የግንኙነት ቢሮ ሲከፍቱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቢሮ መክፈትን ከልክሎ፣ አልፎ አልፎ መጥቶ በውጭ ሕግ ማማከርን ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2023 የጠበቆች ምክር ቤቱ የውጭ ድርጅቶች በውጭ ሕግና በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ብቻ እንዲሠሩ ደንብ አወጣ፤ ችሎቱን ግን ለራሷ ጠበቆች አስቀረች።

የእኛ ጠበቆች ስጋት ከንቱ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ያሉት ድርጅት ገና መደራጀት ከጀመረ ማኅበር ጋር እኩል አይወዳደርም፤ ጎበዝ ወጣቶችንም በደመወዝ ይወስዳል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የዛሬው አሠራር ነው። በሩ ተዘግቷል እንላለን፤ ክፍያውና ዕውቀቱ ግን ውጭ ቀርቶ እኛ ዘንድ የሚመጣው ለፊርማ ብቻ ነው። ትልልቅ ውሎችን ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ያልሠራ ትውልድ ነገ መንግሥትን ወክሎ በግልግል ዳኞች ፊት ሲቆም በምን ይከራከራል? በእነዚህ ዳኞች ፊት መሸነፍም ዋጋ አለው፤ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የኒውዮርክን ስምምነት ስታጸድቅ፣ የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን እዚህ ለማስፈጸም ግዴታ ገብታለች።

በሩን ክፈቱ የሚለው ጥያቄም መቅረቡ አይቀርም። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የአባልነት ጥያቄ ያቀረበችበት የዓለም ንግድ ድርጅት፣ በአገልግሎት ንግድ ስምምነቱ የሕግ አገልግሎትንም ይጨምራል። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታውን ዛሬ ራሳችን እንጻፈው። የውጭው ድርጅት በውጭ ሕግ ብቻ ያማክር፤ ከአገር ውስጥ የጥብቅና ድርጅት ጋር በሽርክና ይሥራ፤ ኢትዮጵያውያን ጠበቆች ከድርድሩ ጠረጴዛ ጀምረው ይሳተፉ፤ ችሎቱ ለእኛ ይቅር። ፍትሕ ሚኒስቴርና የጠበቆች ማኅበሩ ይህን አሁን ካላረቀቁት፣ ነገ ሌላ አርቅቆ ለፊርማ ያቀርብልናል።