ድረ ገጽ በመፈለጊያ እንዴት ይገኛል?

አንድ ጽሑፍ ወደ አንባቢው የሚደርስበት መንገድ እንደ ዘመኑ ይለያያል። አዋጅ በነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ መጽሐፍ በርእሱና በደራሲው ስም ከመደርደሪያ ላይ ይፈለጋል፤ ጋዜጣ በአዟሪ እጅ ከሰው ይደርሳል። በኢንተርኔት ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ግን በአብዛኛው የሚገኘው፣ አንድ ሰው የሚፈልገውን ነገር በጥቂት ቃላት ጽፎ ሲጠይቅ ነው። ጠያቂው የጻፋቸው ቃላትና ጸሐፊው የተጠቀመባቸው ቃላት ካልተገናኙ፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን ተደብቆ ሊቀር ይችላል። የድረ ገጽ ባለቤቶች ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች የሚመነጩት ከዚህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ነገሩን ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በተወሰደ ምሳሌ እንመልከተው። አሶሳ በማንጎ ፍሬዋ የታወቀች ናት። በ2010 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በምሥራቅ ወለጋ የታየው የማንጎ ነጭ ተባይ፣ ከጊዜ በኋላ ወደ አሶሳ አካባቢም ተዛምቷል። ይህ ጥቃቅን ተባይ በቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ፈሳሹን ይመጥጣል። ቅጠሉ ነጫጭ ነጥብ ያወጣል፤ ፍሬው ይቀጭጫል፤ ልጣጩም ስለሚበላሽ ገበያ ሲወጣ ዋጋ ያጣል።

እንግዲህ በአሶሳ ከተማ የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የግብርና ክበብ፣ ስለዚህ ተባይ ባለሙያ ጠይቆ ጥሩ ጽሑፍ አዘጋጀና በድረ ገጹ ላይ አወጣ እንበል። ለጽሑፉም ‹‹እንኳን ወደ ገጻችን በደኅና መጡ›› የሚል ርእስ ሰጠው። በዚያው ሰሞን በባምባሲ ወረዳ የሚኖር አንድ ገበሬ የማንጎ ዛፉ ቅጠል ነጥቶ ቢያይ፣ በልጁ ስልክ ‹‹የማንጎ ቅጠል ነጭ ነጥብ›› ብሎ አስጠየቀ። ገበሬው የሚፈልገው መልስ በጎረቤት ከተማ ተጽፎ ተቀምጧል። ሆኖም ሁለቱ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። ምክንያቱን ለመረዳት መፈለጊያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰዎች ጎግልን የመሰለ መፈለጊያ፣ ጥያቄ በቀረበለት ቅጽበት የዓለሙን ድረ ገጽ ሁሉ የሚያገላብጥ ይመስላቸዋል። አሠራሩ እንዲህ አይደለም። መፈለጊያው አስቀድሞ ከገጽ ወደ ገጽ የሚዘዋወር ፕሮግራም ያሰማራል። ፕሮግራሙ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን ማስፈንጠሪያዎች እየተከተለ ያገኘውን ያነብባል፤ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንደሚገኝም በታላቅ ማውጫ ውስጥ ይመዘግባል። ይህ ማውጫ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ ቃላትን ከነገጽ ቁጥራቸው እንደሚዘረዝረው ያለ ነው። ጥያቄ ሲመጣ የሚገለጠው ማውጫው ነው እንጂ ኢንተርኔቱ አይደለም።

ስለዚህ ‹‹ገጻችን ለምን ከነጭራሹ አይታይም?›› ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ፣ ገጹ ማውጫው ውስጥ ስላልገባ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ከሌላ ገጽ ማስፈንጠሪያ ያልተዘረጋለት አዲስ ገጽ መንገድ እንደሌለው መንደር ነው። በተዘጋ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ብቻ የተለጠፈ ጽሑፍም ለመፈለጊያው የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ የሚከፋው ግን በአገራችን በጣም የተለመደው ልማድ ነው፤ ይኸውም ማስታወቂያውን በወረቀት አትሞ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ፎቶግራፉን መለጠፍ። ሰው ፎቶግራፉን አይቶ ያነብባል፤ ፕሮግራሙ ግን ፊደል ሳይሆን ሥዕል ነው የሚያገኘው። በሥዕል ላይ ያለን ፊደል ለይተው የሚያነቡ መሣሪያዎች ቢኖሩም፣ ሐሳቡን በፊደል ጽፎ ማስቀመጥን የሚተካ የለም።

የቆዩ የአማርኛ ገጾችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ የእኛን ፊደል ያካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው የላቲን ፊደላትን ኮድ በተዋሱ ልዩ ልዩ የፊደል ቅርጾች ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ገጽ ለሰው ዐይን አማርኛ ቢመስልም፣ ለመፈለጊያው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ነው።

አሁን ከሰዋስው ትምህርታችሁ ጋር በቀጥታ ወደሚገናኘው ነጥብ እንሂድ። በፊደላችን አንድ ድምፅ በተለያዩ ሆሄያት ይጻፋል። በዩኒኮድ ‹ሠ› 4640 ቁጥር ሲሰጠው ‹ሰ› ግን 4656 ተሰጥቶታል። ይህን ለማስታረቅ ያልተዘጋጀ መሣሪያ ‹ሥራ›ንና ‹ስራ›ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይመለከታቸዋል። የአሶሳን ስም ውሰዱ። ለመጀመሪያው ድምፅ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ የሚባሉ አራት ሆሄያት አሉ፤ ለሁለተኛው ሶና ሦ፣ ለሦስተኛው ሳና ሣ አሉ። 4 በ2፣ ውጤቱ እንደገና በ2 ሲባዛ 16 ይሆናል። ሦስት ሆሄያት ብቻ ያሏት የአንዲት ከተማ ስም፣ አነባበቧ ሳይለወጥ በ16 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች ማለት ነው። ‹ፀሐይ›ን ብትሞክሩትም ከ12 አያንስም። በእርግጥ ከ16ቱ ብዙዎቹን የሚጽፍ የለም፤ ‹አሶሳ› የሚለው እጅግ የተለመደ ሲሆን ‹አሦሳ›ም አልፎ አልፎ ይታያል። የክልሉ ስም ደግሞ አንዳንዴ ‹ቤንሻንጉል›፣ አንዳንዴ ‹ቤኒሻንጉል› እየተባለ ይጻፋል። በላቲን ፊደልም ቢሆን ዩኒቨርሲቲው በስሙ ውስጥ ‹ኤስ›ን ሲደግም፣ ሌሎች ጸሐፊዎች በአንድ ‹ኤስ› ያልፉታል።

ታዲያ ጸሐፊው ምን ያድርግ? አንዳንዶች የአጻጻፍ ዓይነቱን ሁሉ በገጹ ግርጌ መደርደር ይሻላል ይላሉ። ይህ ገጹን ከማበላሸት በቀር እምብዛም አይጠቅምም። በእኔ አስተያየት የሚሻለው፣ በርእሱና በጽሑፉ ውስጥ አንዱን የተለመደ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ነው። ሌላ በስፋት የሚታወቅ አጻጻፍ ካለ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ ማንሣት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል፣ ‹‹ክልሉ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ እየተባለም ይጻፋል›› ቢባል አንባቢውን አያስከፋም። በአንድ ገጽ ላይ ‹ሥራ›፣ ‹ስራ› እያሉ መቀላቀል ግን በድርሰት ፈተና ነጥብ እንደሚያስቀንስ ሁሉ እዚህም ጉዳት አለው።

የቃላት እርባታም የራሱ ጣጣ አለው። ‹ማንጎ› የሚለው ስም በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ‹የማንጎ›፣ ‹ለማንጎው›፣ ‹ከማንጎዎቻችን› ይሆናል። ግሥ ደግሞ ይብሳል፤ ‹ቆረጠ›፣ ‹ይቆርጣል›፣ ‹አስቆረጡ›፣ ‹ሳይቆረጥ› የአንድ ሥር ቅርንጫፎች መሆናቸውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ማሽኑ ግን ካልተማረ አያውቅም። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ለመረጃ ፍለጋ እንዲያመች የአማርኛን ቃላት ከቅጥያዎቻቸው ለይቶ ወደ መነሻቸው ስለሚመልስ ዘዴ ጽፈዋል። የዛሬዎቹ መፈለጊያዎች በዚህ ረገድ ብዙ ተሻሽለዋል። ቢሆንም ዋናውን ስም ቢያንስ አንድ ጊዜ ቅጥያ ሳይጨመርበት፣ በተለይም በርእሱ ወይም በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ፣ ማስገባት ብልህነት ነው።

ርእስ ካነሣን አይቀር ወደ ክበቡ ገጽ እንመለስ። መፈለጊያው በውጤት ዝርዝሩ ላይ በጉልህ የሚያሳየው የገጹን ርእስ ነው። ‹‹እንኳን በደኅና መጡ›› የሚለው ርእስ ትሕትና አለው፤ ስለ ማንጎ ግን አንዳች አይናገርም። ‹‹የማንጎ ነጭ ተባይ በአሶሳ፦ ምልክቱና መከላከያው›› ቢባል ግን መፈለጊያውም ገበሬውም ጉዳዩን ወዲያው ይረዳሉ። በጽሑፉ ውስጥም የባለሙያው ስያሜ ብቻውን አይበቃም። ገበሬው ‹ተባይ› መሆኑን ገና አላወቀም፤ የሚያውቀው ዐይኑ ያየውን ነው። ስለዚህ ‹‹በቅጠሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል›› የሚለው ተራ አነጋገር ከሳይንሳዊው ስም ጎን መቀመጥ አለበት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በየቋንቋቸው ለዛፉና ለበሽታው የሚጠሩበት ስም ካለ፣ እርሱንም መጨመር ለአንባቢው ውለታ ነው።

‹‹እንግዲያው ‹ማንጎ› የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ብንደግመውስ?›› የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ቀድሞ እንዲህ ያደረጉ ነበሩ፤ በነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ቀለም እንደሚጽፍ ሰው፣ ቃላቱን ከአንባቢ ሰውረው የደረደሩም ነበሩ። መፈለጊያዎቹ ይህን እንደ ማታለል ስለሚቆጥሩት ገጹን ዝቅ ያደርጉታል ወይም ጨርሰው ያስወጡታል። በገጹ ኮድ ውስጥ ለአንባቢ የማይታዩ ቁልፍ ቃላት መደርደርም ትርፍ የለውም፤ ጎግል እነዚህን ቃላት ለደረጃ እንደማይጠቀምባቸው በ2009 በይፋ አስታውቋል።

ቃላቸው የሚስማማ ብዙ ገጾች ሲገኙ ማን እንደሚቀድም የሚወስነው አንዱ ነገር ምስክርነት ነው። በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ባቀረቡት ዘዴ መሠረት፣ ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክት ማስፈንጠሪያ ለዚያ ገጽ እንደ ድምፅ ይቆጠራል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ገጽ የሚሰጠው ድምፅ ደግሞ የበለጠ ክብደት አለው። በሸንጎ የአንድ የተከበረ ሽማግሌ ቃል ከብዙ እንግዶች ቃል እንደሚበልጥ ማለት ነው። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ወይም የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የክበቡን ጽሑፍ አይቶ በገጹ ላይ ቢጠቁመው፣ ከመቶ የማይታወቁ ገጾች ጥቆማ ይልቅ ይረዳዋል። ማስፈንጠሪያ በገንዘብ መግዛት ግን የሐሰት ምስክር ከመቅጠር አይለይም፤ ሲታወቅም ያስቀጣል።

ገንዘብን በሚመለከት ሌላም ጥያቄ ይነሣል። ለጎግል ከፍሎ በማስታወቂያ ቦታ መታየት ይቻላል፤ ማስታወቂያ መሆኑም ይጻፍበታል። ከማስታወቂያው ውጭ ባለው ዝርዝር ውስጥ ግን ከፍ ያለ ደረጃ አይሸጥም። ‹‹በሳምንት ውስጥ አንደኛ አደርጋችኋለሁ›› ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የራሱ ያልሆነውን ነው የሚሸጠው።

ገጹ በስልክ በቀላሉ የሚከፈት መሆኑም ይታሰብበት። ገበሬው የሚያነብበው በልጁ ስልክ ነው፤ መረቡ በሚዳከምበት ቀበሌ አሥር ትላልቅ ፎቶግራፎች የተጫኑበት ገጽ እስኪከፈት ሰው ትዕግሥቱን ይጨርሳል። የታመመውን ቅጠል የሚያሳዩ ሁለት ሥዕሎች ይበቃሉ፤ ከሥራቸውም ምን እንደሚያሳዩ በቃላት ይገለጽ።

ገጹ በወጣ ማግሥት ካልተገኘ መደንገጥ አያስፈልግም። ወደ ማውጫው እስኪገባ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ጎግል ሰርች ኮንሶል የተባለውን መሣሪያ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ በእርሱም ገጹ መመዝገብ አለመመዝገቡን፣ ሰዎችም በየትኞቹ ቃላት ሲጠይቁ እንደታየ ማወቅ ይቻላል። የክበቡ አባላት ይህን ዝርዝር በየወሩ ቢመለከቱ፣ እነርሱ ያላሰቡትን የጠያቂዎች አነጋገር ያገኛሉ። ብዙ ሰው ‹‹ማንጎዬ አመድ ለበሰ›› ብሎ ጠይቆ ከሆነ፣ ጽሑፉ ሲታደስ ይኸው አነጋገር በምልክቶቹ አንቀጽ ውስጥ ይገባል።