የተጣሉት ሁለት አሮጊቶች ምን ያውቁ ነበር?

«ሁለት አሮጊቶች» የተባለች አንዲት ቀጭን ልብ ወለድ አለች፤ በአንድ ማታ ተነብባ ታልቃለች። ደራሲዋ ቬልማ ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1960 በአላስካ፣ በፎርት ዩኮን የተወለደች የግዊቺን ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። አባቷ ሲሞት ገና 13 ዓመቷ ስለ ነበር፣ ታናናሾቿን ለማሳደግ ስትል ትምህርቷን አቋርጣለች። ታሪኩን ያገኘችው ከእናቷ አፍ ነው። ቀን እንጨት ሲቆርጡ ውለው ማታ ድንኳናቸው ውስጥ ሲጨዋወቱ የሰማችውን አፈ ታሪክ በጽሑፍ አሰፈረችው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ።

ነገሩ የሆነው ነጮች ወደዚያ አገር ከመድረሳቸው በፊት ነው። ወቅቱ ክረምት ነው፤ ክረምት ሲባል ግን የኛን የዝናቡን ክረምት አታስቡ። ወንዙ ሁሉ በረዶ ሆኗል፣ የሚታደን አውሬ ጠፍቷል፣ ከቦታ ቦታ እየተንከራተተ የሚኖረው ጎሣ ተርቧል። በዚህ ጊዜ አለቃው ከመካሪዎቹ ጋር ሆኖ፣ የ80 ዓመቷ ቺድዚግያክና የ75 ዓመቷ ሳ ተትተው ሌላው እንዲሄድ ይወስናል።

እዚህ ላይ አብዛኛው አንባቢ አለቃውን ይራገማል። ደራሲዋ ግን እንዲህ ያለውን ቀላል መንገድ አልያዘችም። አለቃው ውሳኔውን አልወደደውም፤ የተራበውን ሕዝብ ግን ይፈራል። የቺድዚግያክ ልጅም አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቆማ ታያለች፤ ብትናገር እርሷንና ልጇንም እንዳይጥሏቸው ሰግታ ነው። አሮጊቶቹስ ቢሆኑ? ሁልጊዜ አመመን፣ ደከመን ይላሉ፤ ድካማቸውን ለማሳየት ምርኩዝ ይዘው ይዞራሉ፤ ሥራቸውን ወጣቶቹ ይሠሩላቸዋል። እንግዲህ ጎሣው የሚበሉትን እንጂ የሚያውቁትን አልቆጠረም። ከሁሉ የሚብሰው ግን እነርሱም ራሳቸው መቁጠር መተዋቸው ነው። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ «አረጋውያንን አክብሩ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚያልፈው አንባቢ ግማሹን አላነበበም።

ይህን መጽሐፍ በክፍል ውስጥ ለማስተማር የሚያስብ እጩ መምህር አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ይበቃዋል፦ ሲጣሉ በእጃቸው ምን ነበር? ልጅቱ አንድ እስር ጠፍር ትታላቸዋለች፤ የልጅ ልጁም የአጥንት መጥረቢያውን ሰው ሳያይ ለአያቱ ይደብቅላታል። ሌላው ሁሉ ያለው በጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ሳ፣ ሞት ላይቀር ዝም ብለን ከምንጠብቀው እየታገልን ብንሞት ይሻላል ብላ ጓደኛዋን ታሳምናለች፤ ከዚያም መጥረቢያውን ወርውራ አንዲት የዛፍ ሽኮኮ ትጥላለች። ከጠፍሩ የጥንቸል ወጥመድ ይሠራል። በበረዶ ላይ የሚኬድበት ሰፊ ጫማም ይሠራል። ሲጓዙ ፍሙን ከአመድ ጋር ዳፍነው በቆዳ ከረጢት ይይዙታል። (እሳት መዳፈን የሚያውቅ ቤት ያደገ ሰው ይህች ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነች ይገባዋል።) የሚሄዱትም ዝም ብለው አይደለም፤ ድሮ ዓሣ በሽ በሽ ይልበት ወደ ነበረ አንድ ወንዝ ነው። ካርታ የለ፣ መሪ የለ፤ ያላቸው ትዝታ ብቻ ነው። ያ ትዝታ ነው እንግዲህ ነፍሳቸውን ያተረፈው። በጋ ሲገባ ዓሣውን አድርቀው ያከማቻሉ፤ ከጥንቸል ቆዳም ብዙ ልብስ ይሰፋሉ።

መንገድ ላይ ያሳለፉትን ሕይወት ይጨዋወታሉ፤ ለካ በደንብ አይተዋወቁም ኖሯል! ሳ በወጣትነቷ፣ አንዲት አሮጊት እንድትጣል ሲወሰን ተቃውማ በመናገሯ ከጎሣዋ ተባርራ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ተራው የራሷ ሆነ።

በሚቀጥለው ክረምት ጎሣው እንደገና ተርቦ ወደዚያው ሰፈር ይመለሳል። አለቃው የአሮጊቶቹን አጥንት ቢያጣ በሕይወት ይኖሩ ይሆናል ብሎ ይጠረጥርና፣ ዳጉ የተባለውን ዱካ አዋቂ ከወጣት አዳኞች ጋር ይልካል። እርቁ ግን እንደ ተረት እቅፍቅፍ ብሎ አያልቅም። አሮጊቶቹ ምግብ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በልክና በውል ነው። ሰፈራቸው ለብቻ ይሆናል፣ እንደ ልብ የሚገባ የሚወጣ አይኖርም። ምሕረት አድርገዋል፤ እምነታቸውን ግን ወዲያው አላስረከቡም። አንዳንድ አንባቢ ይህን ጭካኔ ይለዋል። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ እውነተኛ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ክፍል ነው፤ አንድ ጊዜ በበረዶ ላይ የተጣለ ሰው በማግስቱ በር ከፍቶ አይተኛምና።

ውሎ አድሮ የልጅ ልጁ አያቱን ሊጠይቅ ይመጣል፤ ልጅቱ ግን ኀፍረት ይዟት ትቀራለች። እናትየዋ ቀን ትቆጥራለች። በመጨረሻ ልጅቱ የመጣች ዕለት ግን ስለ ጠፍሩ የጠየቃት አልነበረም።