ስለ ጋዜጠኛነትና ስለ ሕዝብ ግንኙነት ትምህርት በአሜሪካ ኮሙኒቲ ኮሌጆች

በአሜሪካ አገር ኮሙኒቲ ኮሌጅ እየተባለ የሚጠራው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመውን ሰው ሁሉ ያለ ብዙ ውድድር ተቀብሎ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ፣ የአካባቢው ሕዝብ ኮሌጅ ነው። ለመንግሥት ኮሌጆቹ መጀመሪያ ሁኖ የሚቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የተቋቋመው ነው። ክፍያቸው ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ፣ ትምህርቱም በማታ ጭምር የሚሰጥ ስለሆነ ቀን በሱቅ ውሎ ማታ የሚማረው ብዙ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ቨርጂንያና ሜሪላንድም የዚህ ዓይነት ኮሌጆች አሏቸውና፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል ልጁን ወይም የወንድሙን ልጅ ወደዚያ የላከ አይታጣም።

ከእነዚህ ኮሌጆች በአንዳንዶቹ የጋዜጠኛነትና የሕዝብ ግንኙነት ትምህርት ጎን ለጎን ይሰጣል። ይህ ለነጋዴ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር አይደንቅም። በአንዳንድ የንግድ ቤቶቻችን የሕዝብ ግንኙነት ሹም የሚባለው እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበል፣ በዓመት አንድ ጊዜም የቀን መቍጠሪያ አሳትሞ ለደንበኛ የሚያድል ሰው ነው። ማስታወቂያም የሚያስነግር እርሱ ነው። ማስታወቂያ ግን በገንዘብ የተገዛ ቦታ ስለሆነ ባለገንዘቡ የወደደውን ያስጽፍበታል፤ ዜናን ግን የሚጽፈው ጋዜጠኛው ነው፤ ነጋዴው ማድረግ የሚችለው እውነተኛውን ነገር በጊዜው ማቅረብ ብቻ ነው። የትምህርቱ መግቢያ ይህን ልዩነት ማወቅ ነው።

ቀጥሎ ተማሪው ዜና መጻፍን ይለማመዳል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት የሚሉት ጥያቄዎች ከሁሉ በፊት መልስ እንዲያገኙ ይደረጋል። ለምሳሌ አንድ አስመጪ ያስመጣው ዱቄት በጉዞ ላይ እርጥበት አግኝቶት፣ ጉድለቱ ከተሸጠ በኋላ ታወቀ እንበል። ያልተማረ ጸሐፊ መግለጫውን «ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተከበረውን ሕዝብ በቅንነት ሲያገለግል የኖረው ድርጅታችን» ብሎ ይጀምርና ዱቄቱን በአራተኛው አንቀጽ ያነሣዋል። እኛ ጸሐፊዎች ከደብዳቤ ልማድ የተነሣ ይህን አጀማመር እንወደዋለን። የተማረው ግን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የተሸጠው፣ ይህ ምልክት ያለበት ዱቄት ስለተበላሸ እንዳይበላ፤ የገዛ ሰው ወደ ገዛበት ሱቅ ቢመልሰው ገንዘቡን ያገኛል» ብሎ ይነሣል። የድርጅቱ ታሪክ በመጨረሻ ይገባል፤ ቦታ ሲጠብ የጋዜጣው አዘጋጅ የሚቈርጠው ከታች ነውና።

ልምምዱም በክፍል ብቻ አይቀርም። ብዙ ኮሌጆች፣ በወረቀትም ሆነ በኢንተርኔት የሚወጣ የተማሪዎች ጋዜጣ አላቸው፤ ተማሪው በዚያ ሰው እየጠየቀ ይጽፋል፤ በስም ማጥፋት የሚያስከስሰውንም ይማራል። ጠያቂ የነበረ ሰው መልስ ሰጪ ሲሆን የሚመጣበትን ጥያቄ አስቀድሞ ያውቃል።

በሕዝብ ግንኙነት ትምህርት አዘውትሮ የሚጠቀሰው ታሪክ የ1982ቱ ነው። በዚያ ዓመት በቺካጎ አካባቢ ታይለኖል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የዋጡ 7 ሰዎች ሞቱ፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ጨምሮበት ነበር። ባለቤቱ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ ሕዝቡ መድኀኒቱን እንዳይወስድ አስጠነቀቀ፤ 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስም ከየመደብሩ እንዲሰበሰብ አደረገ፤ ወጪው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ መድኀኒቱ፣ ሰው ከፍቶት እንደሆነ በሚያስታውቅ አዲስ እሽግ ወደ ገበያ ተመለሰ፤ ደንበኞቹንም አገኘ። መግለጫው ብቻውን ይህን ባላደረገም ነበር፤ ዕቃው በእርግጥ ተሰብስቧል፣ እሽጉም በእርግጥ ተለውጧል።

ለዚህ ትምህርት ገንዘብ የሚከፍል ሰው አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባ ነገር አለ። የሁለት ዓመቱ ዲፕሎማ፣ ባብዛኛው 60 ክሬዲት ያህል የሚጠይቀው፣ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በቀጥታ ለሥራ የሚያዘጋጅ ሲሆን ሁለተኛው ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መሸጋገሪያ ነው። የመጀመሪያውን የተማረ ሰው ዩኒቨርሲቲ ልግባ ቢል ከክሬዲቱ ከፊሉ ላይቈጠርለት ይችላል፤ ስለዚህ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደሚቈጥር በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ከሌላ አገር የሚመጣ ተማሪም እንደ አካባቢው ነዋሪ ሳይሆን ከዚያ የበለጠ መክፈሉ የተለመደ ነው።

ተመራቂው ለሥራ ሲቀርብ ከዲፕሎማው ጋር የጻፋቸውን ጽሑፎች በአንድ መዝገብ አኑሮ እንዲያመጣ ይጠየቅ፤ ቀጣሪውም የእያንዳንዱን የመጀመሪያ አረፍተ ነገር ያንብብ።